ከሰልፉ ጅራት የታየ ጉዞ፦ የብርዱ ወራት ሊያበቃ ሲል በሞተር ሳይክል በቡድን ስለመንዳት

የተከበራችሁ የክለባችን አባላት፣ አዲስ ለመቀላቀል የመጣችሁ ሞተረኞች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ስቧችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ። የዓመቱ የመጀመሪያ የቡድን ጉዞ ሊደረግ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ይህን ንግግር እንዳቀርብ የጠየቁኝ አዘጋጆች፣ «ብዙ ዓመት ከኋላ ስለነዳህ ከፊት የማይታየውን ንገረን» አሉኝ፤ እኔም ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። በቡድን ጉዞ ላይ ቦታቸው የማይለወጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንደኛው ከፊት ሆኖ መንገዱን የሚመርጥና ፍጥነቱን የሚወስን ሲሆን እኛ ፊታውራሪ እንለዋለን፤ ሁለተኛው ከሁሉም ኋላ የሚነዳው ደጀኑ ነው። ፊታውራሪው መንገዱን ያያል፣ ደጀኑ ግን ሰዎቹን ያያል። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ከሁለተኛው ቦታ ሆኜ ካየሁት የሚነሣ ነው፤ አንድ ክለብ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚነዳ የሚታወቀው ከፊቱ ሳይሆን ከጅራቱ ነው የሚል እምነት አለኝ፣ ለምን እንደዚያ እንደምል ደግሞ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አስቀድሞ ስለ ወቅቱ አንድ ነገር ላብራራ። ክረምት የሚለው ቃል በቋንቋችን ዝናቡን ስለሚያስታውስ፣ እኔ ዛሬ የምናገርለትን ጊዜ የብርድ ወራት ማለትን እመርጣለሁ፤ ውርጭና በረዶ የሚወርድባቸው አገሮች የሚያውቁት፣ ቀኑ መርዘም የጀመረበት፣ ሌሊቱ ግን ገና ውሃ የሚያረጋበት የወቅቱ ጫፍ ነው። ለሞተረኛ ከመካከለኛው የብርድ ወራት ይልቅ ይህ ጫፍ አታላይ ነው። በዋናው ብርድ ጊዜ መንገዱ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ማንም ሰው ሞተሩን ከቤት አያወጣም። በመጨረሻው ላይ ግን ፀሐይዋ ደምቃ ትወጣለች፣ አስፋልቱ ጥቁርና ደረቅ ይመስላል፣ ለሦስትና ለአራት ወራት ታስሮ የከረመው የመንዳት ናፍቆትም ከሰውየው ችሎታ በላይ አብጦ ይገኛል። የሰማዩ ሙቀትና የመሬቱ ሙቀት አንድ አለመሆናቸውን ዓይን አይነግረንም፤ አየሩ በአንድ ረፋድ ውስጥ ሊሞቅ ሲችል መሬቱ ግን ሳምንታት ይፈልጋል።

እርግጥ ነው፣ ብርድና ሞተር ሳይክል የተዋወቁት ከመጀመሪያው ቀን ነው። ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1885 የሠሩት፣ በቤንዚን የሚሠራ ሞተር የተገጠመለት የእንጨት ተሽከርካሪ ለመጀመሪያ ጊዜ ረዘም ያለ መንገድ የሄደው በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በጀርመን ሲሆን፣ ነጂው የዳይምለር ልጅ ነበር። በጉዞው ላይ ከመቀመጫው ሥር ያለው የሞተሩ ማቀጣጠያ ቱቦ መቀመጫውን እንዳቃጠለው ይነገራል፤ በብርድ ቀን መቀመጫው የጋለለት የመጀመሪያው ሞተረኛ እሱ ሳይሆን አይቀርም። በ1956 ደግሞ ኤርንስት ለቨርኩስ የተባለ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ፣ «አረንጓዴው ዝሆን» እየተባለ የሚጠራውን የዙንዳፕ ሞተር ሳይክል የሚነዱ ጥቂት ሰዎችን በጥር ወር ብርድ ሽቱትጋርት አጠገብ ሰብስቦ ነበር። ያ ትንሽ ስብሰባ የዝሆኖች ስብሰባ የሚል ስም ይዞ አድጎ፣ ዛሬ በባቫሪያ ደን በበረዶ ላይ ድንኳን እየተተከለ የሚደረግ ታላቅ የሞተረኞች መገናኛ ሆኗል። ከ1962 ጀምሮ በዌልስ የሚደረገው የድራጎን ስብሰባም የዚሁ ቤተሰብ ነው። እነዚህን የማነሣው ጀግንነትን ለማወደስ አይደለም። ወደ እነዚያ ቦታዎች የሚሄዱት ሰዎች ብርድ እንደሚጠብቃቸው አምነው፣ ለብርድ ለብሰው ይነሣሉ፤ እኛ ግን ወቅቱ ሊያልቅ ሲል የምንወጣው ብርዱ ያለፈ መስሎን ነው። አደጋው ያለው በዚህ ልዩነት ውስጥ ነው።

ብርድ በሞተር ላይ ምን ያህል እንደሚበረታ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ከ2001 ጀምሮ በካናዳና በአሜሪካ ሥራ ላይ በዋለው የነፋስ ቅዝቃዜ ቀመር ሲሰላ፣ አየሩ 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆንና የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲደርስ፣ ለነፋሱ የተጋለጠ ቆዳ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ያህል የሆነ ብርድ ይሰማዋል። ሞተረኛው ይህን ነፋስ የሚሠራው ራሱ ነው፤ ቀኑ ጸጥ ያለ ቢሆንም እንኳ ለእሱ ማዕበል ነው። በአንገትና በራስ ቁር መካከል፣ በጓንትና በእጅጌ መካከል የሚቀረው የጣት ስፋት ያህል ክፍተት ሰውነትን በአንድ ሰዓት ውስጥ ያሟጥጠዋል። መጀመሪያ የሚደነዝዙት ጣቶች ናቸው፣ ፍሬንና ፍሪሲዮን የሚይዙትም እነዚሁ ጣቶች ናቸው። ሰውነት ውስጣዊ ሙቀቱን ለማዳን ሲል ደሙን ከእጅና ከእግር ወደ መሃል ስለሚስብ፣ ወፍራም ጓንት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ደረትና ሆድ በደንብ ከሞቁ ግን እጆችም ድርሻቸውን ያገኛሉ። ስለዚህ ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ ከእጀታ ማሞቂያው በፊት ነፋስ የማያስገባ የደረት ልብስና የአንገት መሸፈኛ አስቡ።

ሌላው የብርድ ሥራ ከዚህ የረቀቀ ነው። የበረደው ሰው መብረዱን ያውቃል፤ ከዚያ አልፎ በጣም የበረደው ግን አያውቅም። የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ መንቀጥቀጡ ይበረታል፣ ንግግር ይንተባተባል፣ ውሳኔም ይዘገያል፤ ቆይቶ መንቀጥቀጡ ራሱ ሊቆም ይችላል፣ ያን ጊዜ ሰውየው ደኅና የሆነ ይመስለዋል። ከብዙ ዓመታት በፊት በእንዲህ ያለ ወቅት ደጀን ሆኜ ስነዳ፣ ከፊቴ የነበረው ወጣት ለረጅም ጊዜ የመታጠፊያ ፍሬቻውን ሳያጠፋ ሄደ። መጀመሪያ ረስቶት ነው ብዬ አለፍሁት። ትንሽ ቆይቶ ኩርባዎቹን ከተለመደው ዘግይቶ መግባት ጀመረ፣ ትከሻዎቹም ወደ ጆሮዎቹ ወጡ። መብራቴን አብለጭልጬ አስቆምሁትና «ደኅና ነህ ወይ?» ስለው «ደኅና ነኝ፣ እንሂድ» አለኝ፤ ነገር ግን የጓንቱን ማሰሪያ በራሱ ጣቶች መፍታት አልቻለም። ፊታውራሪው በዚያን ጊዜ ከእኛ ብዙ ርቆ፣ ፀሐይዋ ፊቱን እያሞቀችው፣ ጉዞው እንደተሳካለት እያሰበ ይነዳ ነበር። ጥፋቱ የእሱ አልነበረም፤ ከእሱ ቦታ የማይታይ ነገር ስለሆነ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር ማለት ይቻላል፣ የፍሬቻውን ምልክት አይቼ ያለፍሁት እኔ ነኝና።

አሁን ወደ ሰልፉ ልመለስ። ሃያ ሞተር ሳይክሎች በአንድ ሰልፍ ሲነዱ ለተመልካች ዓይን የሚያምር ነገር ነው፤ እኔ ግን ይህን ውበት አልወደውም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። በሞተረኞች መካከል የአንድ ሰከንድ ርቀት ቢኖር፣ ሃያው ሰው የሠሩት ሰልፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 420 ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከኋላ የመጣ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሊያልፈን ቢሞክር ከ75 ሰከንድ በላይ ይወስድበታል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም እሱ ራሱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ጠመዝማዛ በሆነ የገጠር መንገድ ላይ ያን ያህል ክፍት እይታ ከየት ይመጣል? ስለዚህ መኪናው መሃላችን ይገባል፣ ሰልፉም ማንም ባላሰበበት ቦታ ይቆረጣል። አምስት አምስት ሆነን ብንከፈል ግን የእያንዳንዱ ቡድን ርዝመት 90 ሜትር ያህል ሲሆን፣ መኪናው በ16 ሰከንድ ውስጥ አልፎን በቡድኖቹ መካከል ባለው ሰፊ ቦታ ይገባል። አንዳንድ የድሮ አባላት መከፋፈሉ የክለቡን አንድነት ያፈርሳል ይላሉ፤ አንድነቱን ምሳ ላይ እናሳየው እላለሁ።

ከርዝመቱ የባሰው ግን የሰልፉ መለጠጥ ነው። ፊታውራሪው ለኩርባ ብሎ ከ80 ወደ 60 ሲቀንስ፣ የአንድ ሰከንድ ርቀት በሜትር ሲለካ ከ22 ወደ 17 ይጠጋጋል፤ ሃያ ሰው የያዘው ሰልፍም ከ420 ሜትር ወደ 320 ሜትር ገደማ ያጥራል። ከኩርባው ወጥቶ ወደ 80 ሲመለስ ደግሞ ሰልፉ ያንኑ 100 ሜትር መልሶ ይለጠጣል። በሰከንድ ለሚያስብ ነጂ በዚህ ሁሉ ውስጥ የተለወጠ ነገር የለም፤ እያንዳንዱ ሰው ያንኑ ኩርባ፣ በዚያው ፍጥነት፣ ከፊቱ ካለው አንድ ሰከንድ ዘግይቶ ያልፈዋል። በሜትር የሚያስበው ነጂ ግን ከፊቱ ያለው ሰው ሲርቅበት ያያል፣ ቀረሁ ብሎ ይደነግጣል፣ ክፍተቱን ለመሙላትም ነዳጅ ይሰጣል። ከኋላው ያለው ደግሞ ከእሱ ትንሽ አብልጦ ይሰጣል። ፊታውራሪው 80 ላይ ሲዝናና ጅራቱ ላይ ያለው ሰው 110 የሚነዳው በዚህ ምክንያት ነው። በጋ ላይ ይህ ድካም ብቻ ነው የሚያመጣው፤ ጎማው ባልሞቀበትና በጥላ ሥር ውርጭ በሚጠብቅበት ወቅት ግን አሯሯጡ ወደ ቦይ ይወስዳል። በተለምዶ አዲሱንና ልምድ የሌለውን ሰው «አንተ ከኋላ ቀስ እያልህ ና» የምንለው ነገር ከቅንነት የመጣ ቢሆንም፣ በሰልፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ አስቸጋሪውን ቦታ ሰጥተነው ነው የምንሄደው። አዲሱ ሰው ቦታው ወዲያው ከፊታውራሪው ቀጥሎ ነው፤ ጅራቱ መለጠጡን ዓይተው ለማይደነግጡ ይተውላቸው።

ስለ አሰላለፉ ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በዚግዛግ እንነዳለን፤ ፊታውራሪው ወደ መሃሉ መስመር በሚጠጋው የረድፉ ጎን፣ ሁለተኛው በሌላኛው ጎን አንድ ሰከንድ ወደ ኋላ ብሎ፣ ሦስተኛው እንደገና በፊታውራሪው ጎን ሁለት ሰከንድ ርቆ ይከተላል። ጎን ለጎን መንዳት ጠጠር ወይም ጉድጓድ ሲያጋጥም የምንሸሽበትን ቦታ ስለሚነፍገን የተከለከለ ነው። ኩርባ ሲበዛ፣ መንገዱ ሲጠብ፣ ወይም አስፋልቱ እርጥብ ሲሆን ፊታውራሪው አንድ ጣት ወደ ላይ ያነሣል፣ ሁላችንም በነጠላ ሰልፍ ሆነን ርቀታችንን እንጨምራለን። ምልክቱ ጅራቱ ድረስ የሚደርሰው እያንዳንዱ ሰው ሲደግመው ብቻ ነው። መታጠፊያ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው ኃላፊነቱ ከኋላው ለሚመጣው ሰው ነው፤ ከኋላችሁ ያለው ሰው በስፖኪዮ ካልታያችሁ ሳይታጠፉ መጠበቅ ነው። ፊታችሁ ያለው ቢጠፋባችሁ አትሩጡ፣ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ስለ መንገዱ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ የብርዱ ወራት የሠራው ሥራ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛልና። ውሃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ በአስፋልቱ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ሌሊት ሌሊት እየረጋ ቀን ቀን እየቀለጠ መንገዱን ሲፈለቅቅ ይከርምና፣ አምና ለስላሳ የነበረው ኩርባ ዘንድሮ ጉድጓድ ይዞ ይጠብቀናል። በረዶው እንዳያንሸራትት የተበተነው ጠጠር የመኪና ጎማ እየገፋው ከሁለቱ የጎማ መሄጃዎች መሃልና ከኩርባው ውጫዊ ጠርዝ ላይ ይከማቻል፤ ሞተረኛው አምልጦት ወደ ውጭ ሲሰፋ የሚያገኘው ይህንኑ ነው። ጨው በተነሰነሰበት መንገድ ጨው እርጥበት ስለሚስብ፣ ዝናብ ሳይዘንብ እንኳ አስፋልቱ ላይ ቀጭን ሙልጭልጭ ያለ ሽፋን ይቀራል። ከእርሻ የወጣ ትራክተር የጣለው ጭቃም አለ። ከእነዚህ ሁሉ የምፈራው ግን ከመንገዱ ዳር ካለው የበረዶ ቁልል እኩለ ቀን ላይ ቀልጦ መንገዱን አቋርጦ የሚፈስሰውን ቀጭን ውሃ ነው። ጠዋት ስንሄድ ደረቅ የነበረው ቦታ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ እርጥብ ይሆናል፣ ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጀርባ ስትገባ ደግሞ እንደ መስታወት ይረጋል። ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሲደርሱ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ፣ ፍሬን ሳይነኩና ነዳጅ ሳይጨምሩ ማለፍ እንጂ ሌላ ዘዴ የለም። ከ1988 ጀምሮ በሞተር ሳይክል ላይ መገጠም የጀመረው ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን ብዙ ሰው አድኗል፤ ይሁንና ያለውን መያዣ በቁጠባ ያከፋፍላል እንጂ የሌለውን አይፈጥርም። ፍጥነትን መቀነስ ግን ሁሌም ይሠራል፤ ለማቆም የሚያስፈልገው የፍሬን ርቀት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ ከ80 ወደ 60 መውረድ ያንን ርቀት ወደ ግማሽ ገደማ ያመጣዋል።

የፀሐይዋን ነገርም ላንሣ። በዚህ ወቅት ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው። ጥላችሁ ከፊታችሁ ረዝሞ ተዘርግቶ ካያችሁ፣ ለእናንተ መንገዱ ቁልጭ ብሎ ቢታይም ከፊት የሚመጣው ነጂ ግን ፀሐይዋን በዓይኑ ይዞ ነው የሚነዳው፤ አያያችሁም። በዚያ ላይ የመኪና ነጂዎች ለወራት ሞተር ሳይክል ሳያዩ ስለከረሙ ዓይናቸው እኛን መፈለግ ትቷል።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንዲሉ፣ የሞተሩ ዝግጅት በመነሻው ጠዋት የሚደረግ አይደለም። ክፍል ውስጥ በ20 ዲግሪ 2.5 ባር የነበረ የጎማ አየር ዜሮ ዲግሪ ላይ ወደ 2.25 ባር ይወርዳል፤ ስለዚህ መለካት ያለበት ውጭ፣ ሞተሩ ሳይነዳ፣ በብርዱ ነው። በጎማው ጎን ላይ የተጻፉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ ጥርሱ ያላለቀ ያረጀ ጎማ ብርድ ላይ እንደ ፕላስቲክ ይደርቃል። ባትሪው ቆሞ ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች ከሆነ ከጉዞው በፊት ቻርጅ ይደረግ፤ መንገድ ላይ አንድ ሞተር አልነሣ ሲል የቀረው ሰው ሁሉ ብርድ ላይ ይቆማል። ካቴናውን ቀቡት። የቀረውን ታውቁታላችሁ።

የጉዞው መርሐ ግብር መሠራት ያለበትም ከጅራቱ ተነሥቶ ነው። ነዳጅ የምንቀዳው በትንሹ ታንከር ልክ ነው፣ የምናርፈውም ቀድሞ በሚበርደው ሰው ልክ ነው። በጋ ላይ ለአንድ ሰዓት ተኩል ሳንቆም የምንነዳ ከሆነ፣ በዚህ ወቅት ከ45 ደቂቃ በላይ መሄድን አልደግፍም፤ ዕረፍቱም ውጭ ቆሞ ማውራት ሳይሆን ጣሪያ ሥር ገብቶ፣ ጓንት አውልቆ፣ ትኩስ ነገር መጠጣት ነው። የአልኮል መጠጥ ያሞቃል የሚለው አባባል ጠጥቶ መንዳትን የሚከለክል ሕግ ባይኖር እንኳ ስሕተት ነው፤ የቆዳን የደም ሥሮች ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ያስወጣል። መነሻው ረፋዱ ላይ ውርጩ ከለቀቀ በኋላ ይሁን፣ መመለሻውም ፀሐይዋ ከመጥለቋ ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በፊት። ይህ የቀኑን ርቀት ያሳጥረዋል፣ ግድ የለም።

በየዕረፍቱ ላይ ደጀኑ ሥራ አለው። ሰው ሁሉ ፊታውራሪውን ከብቦ ስለሚቀጥለው መንገድ ሲያወራ፣ ደጀኑ የራስ ቁራቸውን ለማውለቅ የሚቸገሩትን፣ ጓንታቸውን በጥርሳቸው የሚስቡትን፣ ከወትሮው ዝም ያሉትን ያያል። «በረደህ ወይ?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ መልስ አያስገኝም፤ ክብሩን የሚወድ ሰው «ኧረ ምንም አልሆንሁም» ይላል። እኔ ሞተሩን የማይ መስዬ አንድ ነገር እንዲይዝልኝ እጠይቀዋለሁ፣ ቁልፍ ወይም የታጠፈ ወረቀት። ጣቶቹ እንዴት እንደሚይዙት አይቼ ለፊታውራሪው ለብቻው እነግረዋለሁ፣ ፊታውራሪውም በራሱ ስም «ዛሬ አጭሩን መንገድ እንመለሳለን» ይላል። በክለባችን ያልተጻፈ ስምምነት አለ፤ ደጀኑ ይብቃን ካለ ፊታውራሪው ምክንያቱን አይጠይቅም። ይህ ስምምነት በሦስት የተለያዩ ዓመታት ያሰብነው ቦታ ሳንደርስ አስመልሶናል፣ ከሦስቱ በአንዱ የተቆጡ አባላት ነበሩ።

ሲመለሱ ሞተሩን የዚያኑ ቀን ማጠብ እንዳትረሱ፤ ጨው ካቴናንና አሉሚኒየምን ይበላል፣ ሙቅ ውሃ ደግሞ ሥራውን ስለሚያፋጥንለት በቀዝቃዛው እጠቡት። ቤታችሁ እንደደረሳችሁ ለደጀኑ አጭር መልእክት ላኩ፤ የመጨረሻው መልእክት እስኪደርሰው ድረስ ጃኬቱን አያወልቅምና።

የመጪው ጉዞ የመመዝገቢያ ወረቀት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። በወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር እንድትጽፉ እንጠይቃለን፤ ታንከራችሁ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ፣ ጎማችሁ የስንት ዓመት እንደሆነ፣ ከዚህ የብርድ ወራት በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የነዳችሁት መቼ እንደሆነ። አምስት አምስቱን ሰው የምንመድበው በእነዚህ መልሶች ነው፤ ስለዚህ የሦስተኛውን መልስ አታሳምሩት። ጥያቄ ያላችሁ አሁን መጠየቅ ትችላላችሁ።